ያልተጠረገ ዳሽቦርድ

ደመላሽ በሕይወቱ አንድ ትልቅ ውሸት ነው የዋሸው፤ እሱንም በራሱ ላይ። ሚስቱ ነኝና ትንንሾቹን አውቃቸዋለሁ፤ "መጣሁ" ብሎ የሚያመሽበትን፣ "ይጣፍጣል" እያለ ጨው የሚጨምርበትን። ትልቁ ግን አንድ ነው። ኑሯችንን የበላው እሱ ነው።

ባሌ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። ይሄን ስናገር ሰው ትልልቆቹን አውሮፕላኖች ያስባል። የእሱ ግን ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በሯ ሲዘጋ ሁለመናዋ የሚንቀጠቀጥ ትንሽዬ ነበረች። አዲስ አበባ ያለ የግል ድርጅት የጮቄ ተራራ አፈር ምን ያህል እንደታጠበ ከላይ ፎቶ ለማንሳት ሥራ ያዘ። በ2011 ኅዳር ላይ ዝናቡ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ አውሮፕላኗን ደብረ ማርቆስ አመጧትና ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ ላይ አቆሟት። እኛም እዚያው ቤት ተከራየን።

አብራሪው ይታያል ይባላል። በዲማ በኩል ያለ የገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት እናቱ እትየ የብርጓል ናቸው ለብቻቸው ያሳደጉት። ከደመላሽ ጋር ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። እኛ ቤት ሳይበላ የዋለበት ቀን ትንሽ ነው። ወጤን እየተቸ ሁለት ሰው የሚበቃውን ይጨርሳል፤ እኔም ሚስት አግባና ገላግለኝ እለዋለሁ። እወደው ነበር። አሁንም ሦስት ሳህን አውጥቼ አንዱን የምመልስበት ጊዜ አለ።

ፎቶ አንሺው አብዱልቃኒ የደጀን ነጋዴ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ከካሜራው በቀር ምንም የማይነካ። እንግዲህ ሰዎቹ እነዚህ ናቸው።

ጣጣው የመጣው በጂፒኤስ ነው። እንዲህ ዓይነት ፎቶ የምታነሳ አውሮፕላን ገበሬ እንደሚያርሰው ነው የምትሄደው፤ አንዱን ትልም ትጨርስና ዞራ ጎኑን ትይዛለች። ትልሙን የሚያሳያት ጂፒኤስ ነው። ከእሷ ጋር የመጣው ተበላሸና ድርጅቱ በእጅ የሚያዝ ሌላ ላከ፤ ግማሽ ጡብ የሚያክል፣ ከበድ ያለ። በብሎን የሚታሰርበትን ማቀፊያ ግን አልላኩም። በሚቀጥለው መኪና ይመጣል፤ እስከዚያው ሥራ እንዳይቆም አሉ። አለቆች እንዲህ ሲሉ ብልሃቱን ራስህ ፈልግ ማለታቸው ነው።

ይታያል ጭኔ ላይ አስቀምጬው እበርራለሁ ብሎ ነበር። ደመላሽ ተቆጣው። አብራሪው ያለበት ቦታ ላይ ያልታሰረ እርሳስ እንኳ መኖር የለበትም ይላል፤ ነፋስ ሲመታ እርሳሱ የት እንደሚገባ ማንም አያውቅም። ከሰዓቱን ሙሉ ጂፒኤሱን ይዞ ቦታ ሲፈልግ ዋለ። እዚህ ሲያደርገው የፊቱን እይታ ይጋርዳል፤ እዚያ ሲያደርገው ለኮምፓሱ ይቀርብና መርፌውን ያስታል፤ ወዲያ ሲያደርገው መሪው ሲሳብ ይነካዋል። በመጨረሻ ከዳሽቦርዱ በላይ በቀኝ በኩል አንድ ጠፍጣፋ ቦታ አገኘ። ማጣበቂያም ነበረው፤ በሁለት ፊቱ የሚይዝ፣ ወፍራም፣ በሬ ቢጎትተው የማይለቅ ነው ብሎ የሚምልለት። ይሄ ማጣበቂያ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው አለኝ፤ በአልኮል የተጠረገ፣ ንጹሕና ደረቅ ቦታ።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ይዤላቸው ሜዳው ደረስኩ። ደመላሽ ቦታውን በአልኮል ጠርጎ፣ የማጣበቂያውን ወረቀት ሊልጥ ጥፍሩን እየሞከረ ነበር። ያን ጊዜ ነው እትየ የብርጓል የመጡት። የንስሐ አባታቸውን አባ ገብረ ኪዳንን አስከትለው፣ ጠበል የሞላች ቢጫ ጄሪካን በነጠላ አዝለው፣ ከቢቸና በአውቶቡስ። ልጃቸው ሰማይ ላይ ሲውል እሳቸው ምድር ላይ እህል አይረጋላቸውም ነበር። አገሩ ሲመጣ ጊዜ ያቺን አውሮፕላን ሳያስጠምቁ ላይመለሱ ቆርጠው ነው የመጡት።

በእኛ አገር አዲስ መኪና የገዛ ሁሉ ያስረጫል፤ አይሱዙ ይሁን ባጃጅ። አውሮፕላን ስትረጭ ግን ያን ቀን ማየቴ ነበር። አባ ገብረ ኪዳን ጸሎታቸውን አድርሰው ከክንፏ ጀመሩ፣ ወደ አፍንጫዋ ዞሩ፣ ጎማዋንም አልተዉ። አብዱልቃኒ ካሜራውን በጃኬቱ ሸፍኖ ዳር ቆሞ ነበር፤ ጠበሉ ደረሰውና ሳቀ፤ ፊቱን ግን አልጠረገም፤ ለሰው እምነት ክብር አለው። ከዚያ እትየ የብርጓል "አባቴ፣ ልጄ የሚቀመጥበትንም" አሉ። አባ በሩን አስከፍተው ሁለት እፍኝ ሙሉ ወደ ውስጥ ረጩ። ዳሽቦርዱ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ተኛ፤ ደመላሽ የጠረገው ቦታ ላይ።

ደመላሽ አልኮል የነካውን ጨርቅ አነሳ። እጁ እዚያው ቆመ።

እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ጠበል አይጠረግም። ሰው ሲጠመቅ እንኳ ፎጣ አያነሳም፤ በራሱ እስኪደርቅ ይቆማል። እሱን በአልኮል ሊጠርግ፣ ያውም አባ ገና መስቀላቸውን ሳያስገቡ፣ እናቲቱ ከበሩ አጠገብ ቆመው እያዩት። ይታያል ትከሻውን ነካ አደረገውና "ተወው፣ ይደርቃል" አለው። እኔም ዓይኑን አይቼ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ተወው ማለቴ ነው። ሦስታችንም ተማርን ባዮች ነን፤ ከሦስታችን አንዳችንም ጥረገው አላልንም።

ደረቀ። ፀሐይ ይመታው ነበርና ብዙም አልቆየ። ውሃው ሲሄድ ነጣ ያለ ነገር ትቶ ሄደ፤ የምንጭ ውሃ ድስት ላይ እንደሚተወው ዓይነት። ደመላሽ ጣቱን አሳለፈበት፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ ጂፒኤሱን ለጠፈና በሁለት አውራ ጣቱ ረጅም ጊዜ ተጭኖ ያዘው። ያዘም። ይታያል እየሳቀ ሁለት ጊዜ ጎተተው፤ ንቅንቅ አላለም። እትየ የብርጓል እልል አሉ።

ገመድ አላሰረለትም። ይሄን አልክድም፤ የባሌ ጥፋት ይሄ ነው። ማጣበቂያው ቢከዳ አንጠልጥሎ የሚይዝ አንድ ክንድ ገመድ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይሄን አላወራም ነበር። ግን ማቀፊያው ይመጣል ብለው ነበር፤ እሱም ለጥቂት ቀን ነው ብሎ አመነ።

የዚያን ሳምንት ጠዋት ጠዋቱ ውርጭ፣ ቀኑ ሐሩር ነበር። ማጣበቂያው በብርዱ እየተኮማተረ፣ በሙቀቱ እየላላ መሰንበቱን ማንም አላየም። ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ ጮቄን ተጠግተው ሲያነሱ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ መታቸው። የሆነውን የነገረን አብዱልቃኒ ነው፤ ሆስፒታል ተኝቶ፣ እግሩ በጀሶ ታስሮ። ጂፒኤሱ ከነማጣበቂያው ተነቀለና ይታያል እግር ስር ወደቀ፤ በእግር ከሚነዱት ፔዳሎች በአንዱ ስር ገብቶ ተቀረቀረ። ፔዳሉ አልረገጥ አለው። ይታያል "ያዝልኝማ" ብሎ መሪውን ለአብዱልቃኒ ሰጥቶ ጎንበስ አለ። አብዱልቃኒ በሕይወቱ መሪ ይዞ አያውቅም። ይታያል ቀና ሲል ተዳፋቱ ፊታቸው ነበር።

የሲናን ወረዳ ገበሬዎች ናቸው ሁለቱን በቃሬዛ ያወረዷቸው። ይታያል መንገድ ላይ ሞተ። አውሮፕላኗ ተሰባበረች እንጂ አልተቃጠለችም።

ከአዲስ አበባ መርማሪዎች መጡ። ማጣበቂያውን አገላብጠው አዩት፤ ግማሽ ፊቱ ላይ ነጭ ነገር ይዟል። ሙጫው የያዘው ዳሽቦርዱን ሳይሆን ያንን ነጭ ነገር ነበር። ምንድን ነው ብለው ደመላሽን ጠየቁት። አቧራ ነው፤ ቸኩዬ ሳልጠርግ ለጠፍኩት አላቸው። ነገሩ በዚህ አለቀ። ፈቃዱን ነጠቁት፤ ድርጅቱም እንኳን እኛ አልሆንን ብሎ አባረረው። አብዱልቃኒም ተጠይቆ ነበር፤ ጂፒኤሱ ሲለጠፍ አላየሁም አለ። አይቷል። ባሌ ሆስፒታል ሄዶ እንደለመነው ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

እቤት ሲመጣ አልማርኩትም። ጠርገህ ነበር አልኩት። በዓይኔ አይቻለሁ። ጠበሉ መሆኑን ንገራቸው፣ ማንም በጠበል አይከስህም፣ ቢያንስ ቸልተኛ አይሉህም አልኩት። አስጨርሶኝ፣ ከዚያ እንዲህ አለ፦

"ለእትየ የብርጓል ማን ይነግራቸዋል?"

"ምኑን?"

"በጄሪካን ተሸክመው ያመጡት ውሃ ልጃቸውን እንደገደለው። አንች ትነግሪያቸዋለሽ? እኔ አልችልም፣ ሂዊ። የእኔ እጅ ይሁን፤ የእኔን እጅ ይርገሙት።"

ረገሙትም። ቀብር ላይ ከሬሳው ሳጥን ቀና ብለው "እጁ ይድረቅ!" አሉ፤ እዚያ የቆመው ሕዝብ ሁሉ ሰማ። በአርባው ዘመዶቻቸው ደመላሽን ከድንኳኑ በራፍ መለሱት። ጎንበስ ብሎ ተመለሰ። እኔ ግን ውስጤ ነደደ። እሳቸው ላይ አልነበረም ንዴቴ፤ እሱ ላይ ነበር። ደግ መሆን ሲያምረው እኔን አማከረኝ ወይ? ስሙ የእኔም ስም አይደለም ወይ?

ደብረ ማርቆስ ለመኖር አልሆነልንምና ደጀን ወረድን። ደመላሽ መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ ተቀጥሮ ዓባይን የሚወርዱ የጭነት መኪኖች ፍሬን ይሠራ ጀመር። ሥራውን አላማርርም፤ እንጀራ ነው። እሱ ግን ሌላ ሰው ሆነ። እቤት ያለውን ነገር ሁሉ ማሰር ያዘ። ሬዲዮኑን ከመደርደሪያው ጋር በሲባጎ አሰረ፤ ግድግዳ ሰዓቱን በሁለት ምስማር አስሮ ሦስተኛ ጨመረ፤ የውሃ ብርጭቆ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ካየ ተነስቶ ወደ መሃል ይገፋል። መጀመሪያ አሾፍኩበት። በኋላ ሳያየኝ እያለቀስኩ ለጽዳት የፈታሁትን መልሼ አሰርኩ።

አንድ ቀን ከሥራ በቀትር መጣ። የቢቸና ሾፌር መኪናውን ለፍሬን አስገብቶ ደመላሽን አወቀው። የሠራውን ፈትቶ እንዲያወጣ አደረገውና፣ የይታያልን ገዳይ ፍሬኔን አላስነካም ብሎ በሰው ፊት ተናግሮ መኪናውን ይዞ ወጣ። ባለጋራዡ ደግሞ ሰው ነው፣ ደንበኛ አለው፤ ለጥቂት ቀን እረፍ አለው። ደመላሽ ይሄን ከነገረኝ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ሲያያቸው ዋለ።

በማግስቱ ሳልነግረው ቢቸና የሚሄደውን መኪና ተሳፈርኩ። ለእትየ የብርጓል እውነቱን ልነግራቸው ነው። ጨክኜ ነበር። የሞተ አይመለስም፣ ያለው ባሌ ነው፣ እሳቸው አንድ ቃል ቢናገሩ ያ አገር ሁሉ ይሰማል፣ ስሙ ይነጻል። መንገዱን ሙሉ የምለውን አሰናዳሁ። ከቢቸና ወርጄ በእግሬ ስሄድም ከራሴ ጋር እየተሟገትኩ ነበር፤ እርስዎ አላወቁም፣ እኛም አላወቅንም፣ ጠበሉም አልበደለም፤ ግን ባሌም እንደሚሉት አይደለም። እንዲህ ልል።

እትየ የብርጓል ግድግዳቸውን ጭቃ እየመረጉ አገኘኋቸው። ከስተዋል። አይተው አወቁኝ፤ ሥራቸውን ግን አላቆሙም። ሰላምታዬን ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀበሉ። ቆሜ ጠበቅኩ። የያዙትን እፍኝ ጭቃ ግድግዳው ላይ አለስልሰው ከጨረሱ በኋላ መደቡ ላይ እንድቀመጥ በአገጫቸው አመለከቱኝ፤ ራሳቸውም ጭቃ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አጠገቤ ተቀመጡ። ወሬውን የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

"ባልሽን ረግሜዋለሁ፤ ሰምተሻል። ቀብር ላይ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ጠዋት ማታ ረግሜዋለሁ። አባ ገብረ ኪዳን ይቅር ካላልሽ አላቆርብሽም አሉኝ። ሱባኤ ገባሁበት። አሁንም አልወጣልኝም።"

"እትየ..." አልኩ።

"ቆይ ልጄ፣ ልጨርስ። ምን እንዳቆመኝ ታውቂያለሽ? ጠበሉ ነው። አውሮፕላን ሲወድቅ ይነድዳል፤ አመድ ነው የሚቀበረው ይላሉ። የኔ ልጅ ግን ፊቱ እንኳ አልተላጠም። ጉንጩን ስሜ ነው የቀበርኩት። ያ የደጀኑ ልጅም ረጭተውት ነበር፤ ይኸው ተረፈ። በዚህ በእጄ ያንን ውሃ ባልወስድለት ኖሮ ምን እሆን ነበር እላለሁ። ሌት ሌት እሱን እያሰብኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።" ከዚያ ዞረው አዩኝ። "አንችስ ምን ልትይኝ ነው የመጣሽ?"

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከደጀን ጀምሮ የተሸከምኩት ቃል እዚያው ነበር። እጃቸውን አየሁት። ጭቃው ጣቶቻቸው መሃል እየደረቀ ይሰነጣጠቅ ነበር። ጄሪካኗን ያዘለው፣ አባ ሲረጩ ክዳኗን ይዞ የቆመው እጅ ነው።

"ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት" አልኩ። "ደመላሽ ቸኩሎ ነው። ሳይጠርግ ለጠፈው።"

ከአፌ ሲወጣ ከእሱ ከራሱ ይልቅ የእኔ ውሸት እውነት መሰለ። እትየ የብርጓል ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ፤ እሳቸው ለልጃቸው፣ እኔ ለባሌ። ሲበቃን ተነስተው እጃቸውን ታጠቡና ወደ ውስጥ ገቡ። ሲወጡ ያችን ቢጫ ጄሪካን ይዘው ነው። "ይቅር ብዬዋለሁ በይው፤ ዛሬ በአንች ፊት ወጣልኝ" አሉ። ውሃውን በእፍኛቸው ዘግነው ከግንባሬ ላይ አፈሰሱት። በጉንጬና በአንገቴ ወርዶ ደረቴ ድረስ ገባ። አልጠረግኩም። ለደመላሽም በላስቲክ ጠርሙስ ቀድተው ሰጡኝ፤ እጁን እንዲያስነካው፣ እርግማኑ እንዲነሳለት አሉ።

ፀሐይ ሳትገባ ደጀን ደረስኩ። ደመላሽ በራፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። የት እንደሄድኩ መኪና ተራ ያሉት ነግረውታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ነገርሻቸው?" አለኝ።

"ነገርኳቸው። ሳይጠርግ ለጠፈው አልኳቸው።"

ለረጅም ጊዜ አየኝ።  ጠርሙሱን አቀበልኩትና የተባልኩትን ነገርኩት፤ ይቅር ብለውሃል፣ እጅህን አስነካው አልኩት። ክዳኑን ከፈተ፤ ከአንዱ መዳፉ ወደ ሌላው እያገላበጠ ቀስ ብሎ አፈሰሰው። ከዚያ ሁለት እጆቹን ከፊቱ ዘርግቶ ደጁ ላይ ቆመ። ከዓባይ በረሃ የሚወጣው ንፋስ የዚያን ቀን አልነበረም፤ ውሃው ቶሎ አልደረቀም። የጭነት መኪኖቹ እያጓሩ አለፉ፤ የሚያውቁት ሾፌሮች እጁን እንደዚያ ዘርግቶ ሲያዩት ዞር እያሉ ሄዱ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ፎጣ አላቀበልኩትም።